የተናኘወርቅ ጉዞና ደጃችን የታሰረችው ጊደር

ይድረስ ለወንድሜ ለጋሼ ተረፈ፣ ድሬዳዋ።

ጋሼ ተረፈ፣ እንደምን ከርመሃል? ሰላምታዬ ከዘቢዳር ተራራ ሥር ተነስቶ፣ አዋሽን ተሻግሮ፣ በባቡር ተሳፍሮ አንተ ደጅ ይድረስልኝ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የግራ ጉልበትህ ተሻለው ወይስ አሁንም ስትነሳና ስትቀመጥ ያስቃስትሃል? የቆላው ሙቀትስ እንዴት አድርጎሃል? ባለቤትህ ብርቄ ደህና ናት ወይ? ትንሿ አደይስ ጥርስ አወጣች? ምግብ ይስማማችኋል? ውሃው ይስማማችኋል? ሁሉንም አንድ በአንድ ጻፍልኝ፤ "ሁላችንም ደህና ነን" ብለህ በአንድ መስመር አትዝጋብኝ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ዝናቡ ዘንድሮ መስቀል አልፎም አልቆረጠም፣ የመንደራችን ሰፊ መንገድ ጀፎሮው ሁሉ ጭቃ ሆኗል። ቡራይቱ ላም ወልዳለች። ለመስቀል እንዳልመጣህ የጠየቀኝ ሰው ብዛት አይነገርም፤ በየቤቱ ሥጋው ሲቆረጥ "ተረፈስ?" ይሉኛል። የይለፍ ወረቀት ከልክለውት ነው እያልኩ ስመልስ ሰነበትኩ። ድርሻህን ግን አስቀርቼ ለአንተ የሚያደርስ አልነበረምና ተናኘወርቅና እኔ በላነው። አትቀየም።

ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልህ ራሷ ተናኘወርቅ ናት። እኔ በቋንቋችን እነግራታለሁ፣ እሷ ወደ አማርኛ እየመለሰች ትጽፋለች። የምነግርህ ነገር ስለ እሷ ስለሆነ አንዳንዱ ቦታ ላይ ብዕሯን ታቆምና ታየኛለች። "ጻፊ፣ አጎትሽ ነው" እላታለሁ። የሚያደርስልህም ጎረቤታችን ነጋዴው ሙሀመድሰይድ ነው፤ ሐሙስ በጭነት መኪናው በካሚዮን አዲስ አበባ ይገባና ከዚያ በባቡር ወደ እናንተ ይወርዳል። በፖስታ ስላልሆነ የልቤን ያለ ፍርሃት አወራሃለሁ።

ጋሼ፣ ግራ ገብቶኛል። ከየት ልጀምርልህ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? የእኔ ጉድ መስከረም ከጠባም በኋላ አላልቅ አለ።

መነኮሳቱ ከከተማው ዳር የከፈቱትን ትምህርት ቤት ታውቀዋለህ። ተናኘ ፊደሉን ከቄስ ቤት ይዛ ስለገባች በሦስት ዓመት የእነሱን ትምህርት ፈጸመችው። በሰኔ ፈረንጇ እማሆይ አስጠሩኝ። የሚተረጉሙላቸው አቶ አስረስ ናቸው፣ ከጎጃም መጥተው እዚሁ አግብተው የቀሩት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ። "ልጅሽ ጨረሰች፤ ከሁሉም በልጣለች" አሉኝ። እኔም እልል እያልኩ ወጣሁ። ገበያ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አቁሜ "ልጄ ትምህርት ጨረሰች" አልኩ። ትምህርት ቤት የሚባል ነገር አንድ ብቻ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ አጨዳው ካለቀ አለቀ፣ ከዚያ ወዲያ ምን አለ?

በነሐሴ እንደገና አስጠሩኝ። አዲስ አበባ ከዚህ ከፍ ያለ ሌላ ትምህርት ቤት አለ፣ ልጆቹ እዚያው እየበሉ እዚያው ያድራሉ፣ ለተናኘ ቦታ ተገኝቶላታል፣ በጥቅምት ትሄዳለች አሉኝ። እኔ ደነገጥኩ። ጨረሰች አላላችሁኝም ወይ? ብላቸው፣ አቶ አስረስ ይህኛውን ነው የጨረሰችው አሉ። ከዚያኛውስ በኋላ ምን አለ? ብዬ ጠየቅሁ። እማሆይ ብዙ ተናገሩና ሳቁ። አቶ አስረስ የተናገሩትንም ሳቁንም አልተረጎሙልኝም።

ከመስከረም ወዲህ ደግሞ በየቅዳሜው ወላጅ ይሰብሰብ ተባለ። ልጆቻቸው የሚሄዱ ሦስት ቤተሰቦች ነን፤ ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት ቤት እንዴት እንደሚዘጋጅ ሊነግሩን ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ ተማሪ ተደርድረን ተቀመጥን። ሁለት አንሶላ፣ ሦስት ቀሚስ፣ ማበጠሪያ፣ ሳሙና፣ ማንኪያ ይዛ ትምጣ ተባለ። ለመኝታ ብቻ የሚለበስ አንድ ረጅም ቀሚስም አለበት። ተኝቶ የሚለብስ ሰው ለማን ሊታይ ነው? ልጅቷ ግን አለበት አለች፣ አሰፋሁ። በየልብሱ ላይ ደግሞ ፳፯ የሚል ቁጥር በቀይ ክር ይጠለፍ አሉ። ስም እያላት ለምን ቁጥር? ከብት ናት ወይ ምልክት የሚደረግባት? ልብሱ ሲታጠብ እንዳይቀላቀል ነው አሉኝ። ጠለፍኩ እንግዲህ። የቁጥሩን መልክ ተናኘ በከሰል ሣለችልኝና በዚያ ላይ መርፌዬን አስኬድኩ። የገረመኝ ሌላ ነው፤ ምግብ የሚባል ነገር አይላክም አሉ። ልጅ ከቤት ወጥታ እጇ ላይ ቆጮ ሳይኖር? ሰው ምን ይለኛል?

እማሆይ እንዲህ ብለውም መከሩን፤ ልጆቹ እዚያ ለየብቻቸው በየሳህናቸው ነው የሚበሉት፣ ስለዚህ ከአሁኑ ይልመዱ። እሺ ብዬ ለተናኘ ለብቻዋ በሸክላ ሳህን አቀረብኩላት፣ ማንኪያም ሰጠኋት፣ ወዲያ ማዶ ተቀመጠች። የሙሀመድሰይድ ሚስት ጠይባ ድንገት ገባችና አየችን። "ምን አደረገችሽ? ልጅ ማዕድ ተለይቶበት ይቀጣል ወይ?" ብላ ጮኸችብኝ። ሳህኑን አንስታ ወደ እኔ አመጣችና ሦስታችን አብረን በላን። እኔም ከዚያ ወዲህ መልመዱን ተውኩት፤ እዚያው ትልመደው።

ዋናው ጥፋት የመጣው ግን ከዚህ ነው። ሴት ልጅ ከቤት ስትወጣ በእኛ አገር አንድ መንገድ ብቻ ነው የምናውቀው፣ እሱም ስትዳር ነው። መንደርተኛው "ተናኘ ልትሄድ ነው" ሲባል ሰማና ሴቶቹ ሁሉ ተነሱ። ጠይባ የመጀመሪያውን ቅቤ አመጣች። ሌላዋ አይብ፣ ሌላዋ በርበሬ፣ ሌላዋ የፈተለችውን ጥጥ። ስድስት ሆነን እንሰት ፋቅን፣ የከረመውን ቆጮ ከጉድጓድ አወጣን። አናቷን ቅቤ ቀባናት። እየዘፈንን ነበር የሠራነው። ልጅቷ "እናቴ፣ ምግብ አይላክም ተብለሻል እኮ" ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ዝም በይ እላታለሁ። ምን ላድርግ ጋሼ? ሌላ ሽኝት አላውቅ።

ካቻምና አቶ ባዩ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉት፣ ለልጃቸው ለፈቃደ ሽማግሌ ልከው እንደነበር ታስታውሳለህ። አንተ በሌለህበት ምን ልመልስ ብዬ "ትምህርቷን ትጨርስና እናያለን" አልኳቸው። አንተም በደብዳቤህ ደህና መልሰሻል ብለኸኝ ነበር። እንግዲህ አስበው። ጨረሰች ብዬ ገበያ ላይ ያወጅኩ እኔ፣ ቆጮ ያስወጣሁ እኔ፣ ቅቤ የቀባሁ እኔ።

ትናንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አቶ ባዩ አራት ሽማግሌ አስከትለው፣ ነጭ ለብሰው፣ አንዲት ጊደር እየነዱ መጡ። ደስ ብሏቸው ነበር የመጡት፣ ይህ ነው ያስጨነቀኝ። ቢቆጡኝ አፌን እከፍት ነበር። "ቃልሽን አከበርሽ፣ የባልቴት ቃል እንዲህ ሲጠበቅ አይተን አናውቅም" እያሉ አመሰገኑኝ። ጊደሯን ከእንሰቱ ሥር ካለው እንጨት ላይ አሰሯት። ጊደር ደጅ ከታሰረች ቃል እንደ ተሰጠ ነው፣ ይህን ለአንተ አልነግርህም። እኔስ? እኔማ ምላሴ ተሳሰረና አቀረብኩላቸው፣ በሉ። ሽማግሌ ቤቴ ገብቶ ሳይበላ እንዴት ላስወጣ?

ተናኘን ጥሯት አሉ። እሷ ለመንገዷ ሊመርቋት የመጡ መስሏት እየሳቀች ገብታ ጉልበታቸውን ሳመች። አቶ ባዩ እጃቸውን አናቷ ላይ ጭነው "ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤቴን ሙይልኝ" ሲሉ ያን ጊዜ ቀና ብላ ወደ እኔ አየች። ጋሼ፣ ያን አስተያየት ምን ብዬ ልንገርህ? ዓይኔን ወደ ምድጃው አዞርኩ። እስከ ዛሬ ያፈርኩትን ሁሉ ቢደምሩት ያን ያህል አይሆንም።

አሁን ሰኞ ነው። ተናኘንም የሚወስደው ካሚዮን ሐሙስ ይነሳል። ጊደሯ ደጄ ላይ እያመሰኳች ትተኛለች። ምን ላድርግ ብዬ አንተን ልጠይቅ ብዕር አስያዝኳት፣ ግን መልስህ እስኪደርሰኝ ወር ነው። ይህንንም አውቄ ነው የምጠይቅህ። አበራ ቢኖር እሱን እጠይቅ ነበር፤ አባቷ ከሌለ ከአንተ ሌላ ማንን ልጠይቅ?

አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ ለሰው የማልናገረው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ ነበር እናታችን። አበራ ማይጨው ሄዶ አልተመለሰም፤ መቃብሩ የት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። አሁን የእነዚያው ሰዎች አገር ልጅ የሆኑት እማሆይ የእሱን ልጅ ላስተምር ይሉኛል። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ግን ተናኘ ባለፈው ክረምት በወባ ወድቃ ሳለ መድኃኒት ይዘው፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኖ የመጡ እሳቸው ናቸው። ልጠላቸው አልቻልኩም። ልወዳቸው ደግሞ አበራን ምን እለዋለሁ? ቄሱ ማተቧን ይበጥሱባታል ብለው አስፈራሩኝ። እማሆይን ጠየቅሁ፣ ማንም አይነካባትም አሉ። አሉ ነው እንግዲህ፤ እሳቸው ያሉት ይሁን አቶ አስረስ ያሉት፣ እኔ እንጃ።

ከሄደችስ እንሰቱን ከማን ጋር ልፋቀው? ይህን ስላት ብዕሯን አስቀመጠች። ምን ትፈልጊያለሽ አንቺስ? አልኳት። እስከ ዛሬ ጠይቄያት አላውቅም፣ ማን ልጅን ይጠይቃል? "እናቴ፣ መሄዱን እፈራዋለሁ። አቶ ባዩ ቤት መግባቱን ግን ገና ሳላስበው ነው እግሬ የሚሸሸው" አለችኝ። ይህን ጻፊው አልኳት፣ ጻፈችው።

እስከዚህ ድረስ የጻፍነው ሰኞ ነበር። አሁን ረቡዕ ነው፤ የሆነውን ልንገርህ።

ማክሰኞ ጠዋት ተነስቼ ጊደሯን ፈታኋት። ወንድ ልላክ ብዬ አስቤ ነበር፣ ሙሀመድሰይድም ልሂድልሽ ብሎኝ ነበር። ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው ለምን ይዋረድልኝ? ገመዱን ይዤ በጀፎሮው መሐል ወጣሁ። ሴት ብቻዋን የጥሎሽ ጊደር እየጎተተች ስትመልስ ያየ ሰው በመንደራችን የለምና ሰው ሁሉ ከየደጁ ወጥቶ ያየኝ ጀመር። ጊደሯም ባለጌ ናት፣ ወንዙ ጋ ስንደርስ አልሻገር አለች። ቀሚሴን ሰብስቤ ከኋላ ገፋኋት፣ ወደቅሁ፣ ተነሳሁ። ቀና ብዬ ልድረስ ያልኩት ሴትዮ እንደ ተደበደበ ሰው ሆኜ ደረስኩ።

አቶ ባዩ አጥር ሲያጥሩ አገኘኋቸው። ጊደሯን አዩ፣ እኔን አዩ። "አቶ ባዩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጨረሰች ያልኩት እኔም የጨረሰች መስሎኝ ነው። ከዚያ በላይ ሌላ አለ አሉኝ፣ ወደዚያ ልትሄድ ነው። ቆጮውም ቅቤውም ለመንገዷ ነበር" አልኳቸው። መዶሻቸውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ትምህርት ማለት ታዲያ መጨረሻ የለውም ወይ? ብለው ጠየቁኝ። እኔ እንጃ፣ እኔም ይህንኑ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም አልኳቸው።

ከዚያ የተናገሩት ግን እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ። "ለልጄ የነፈግሻትን ለጣሊያን ዳርሻት" አሉኝ። ያን የምፈራውን ቃል፣ ለራሴ እንኳ ጮክ ብዬ ያላልኩትን። እንባዬ መጣ። "አባቷን የወሰዱት እነሱ መሆናቸውን ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቃለሁ፤ በየቀኑ ነው የማውቀው" አልኳቸውና ገመዱን ዘረጋሁላቸው። ከሴት እጅ አልቀበልም ብለው ፊታቸውን ወደ አጥሩ መለሱ። እኔም እዚያው ገመድ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ልሂድ? ልቁም? ጥያት ልሂድ? አላወቅሁም።

ባለቤታቸው ከቤት ወጡ። ገመዱን ከእጄ ተቀበሉኝ። እስከ በሩ ሸኙኝ፣ አቶ ባዩ በማይሰሙበት ቦታ ሲደርሱ ክንዴን ያዝ አድርገው "ያ ትምህርት ቤት፣ የእናንተ መነኩሲት ያሉበት፣ ትንሽ ልጅም ይቀበላል ወይ? ታናሽዋን ማለቴ ነው" አሉኝ። ስድስት ዓመቷ ነው ልጃቸው፣ ንፍጧ ገና የማይጠረግ። ይቀበል እንደሆነ እጠይቅልዎታለሁ አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ መንገዱን ሁሉ ሳስበው መጣሁ።

የመጣ ሰው በባዶ አይመለስም፣ የተመለሰ ጊደርም እንዲሁ ነው አለች ጠይባ። ስለዚህ ዛሬ ያን ሁሉ ቆጮና ቅቤ ሴቶቹ ተሸክመው ወስደው ለአቶ ባዩ ቤት አስረከቡልኝ። እያጉረመረሙ ነው የሄዱት፣ ደግሞም ልክ ናቸው፣ የደከሙበት ለሙሽራ ነበር። አቶ ባዩ አልነበሩም አሉ፣ ባለቤታቸው ተቀበሉ። ሽማግሌዎቹ ከእንግዲህ ሰላም ይሉኝ አይሉኝ አላውቅም። ነገ ለልጅቷ የማስይዛት ምግብ የለኝም፤ ትንሽ ቆሎ ብቻ ለካሚዮኑ መንገድ ቋጠርኩላት። ይህንንም ይከልክሉኝና እንይ።

ደህና አደረግሁ ጋሼ? እውነቱን ንገረኝ። አንዳንዴ አበራ ከመቃብሩ ሆኖ የሚመርቀኝ ይመስለኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ጀርባውን የሚሰጠኝ። ጠዋት ይህን አስባለሁ፣ ማታ ያንን። ካልሄደች ወንዝ ማዶ ትሄዳለች፣ ከሄደች አዲስ አበባ፤ ቤቴ ውስጥ እንደሆነ አትቀርልኝም። ይህን የተረዳሁት ገና ዛሬ ነው፣ ዕቃዋን ስቋጥር።

ደብዳቤው ለምን እንዲህ እንደረዘመ ልንገርህ። ከነገ በኋላ የምጽፍልህ በአቶ አስረስ እጅ ነው። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ወንድ ናቸው፣ የሰው ባል ናቸው። የወደቅሁበትን፣ ያለቀስኩበትን፣ ስለ አበራ የማስበውን እሳቸው ፊት እንዴት አወራለሁ? "ደህና ነን፣ ዝናብ ዘነበ፣ ላም ወለደች" ነው የምለው። አንተ ያንን ስታነብ የቀረውን ራስህ ሙላበት። ለእሷ ደግሞ ጻፍላት፣ ለእኔ ከምትጽፈው በፊት ለእሷ። እዚያ ሆና ቁጥር ብቻ የሆነች እንዳይመስላት በስሟ ጥራት።

በል እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለብርቄ፣ ያቺን የላከችልኝን ሻሽ ለተናኘ ሰጥቻታለሁ በላት፣ እንዳትቀየመኝ። ለትንሿ አደይ ጉንጯን ሳምልኝ፣ በሁለቱም በኩል። ለአማትህ፣ ለዓይናቸው እጸልያለሁ በላቸው። እዚያ ላሉት ላገራችን ልጆች ሁሉ፣ ባቡር ጣቢያ ለሚሠሩትም፣ ገበያ ለሚውሉትም፣ በየስማቸው ሰላም በልልኝ። ከዚህ ደግሞ ጠይባ ሰላም ብላሃለች። እኅትህ ዘርፈሽዋል ነኝ፣ እግዚአብሔር በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

የተከበሩ አጎቴ፣ ይህችን ከታች ያለችውን የምጽፈው እኔ ተናኘወርቅ ነኝ። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታለች። ያለችውን ሁሉ፣ ያሳፈረኝንም ጭምር፣ ሳልቀንስ ጽፌልዎታለሁ። አንድ ቃል ብቻ ነው ያስቀረሁት። የአደይን ጉንጭ ሳምልኝ ከማለቷ በፊት "በመሄዷ ደስ ብሎኛል ብለሽ ጻፊ" ብላኝ ነበር። ፊቷን እያየሁ ስለነበር አልጻፍኩትም።

ቡታጅራ፣ ጥቅምት ፯ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓመተ ምሕረት